«18 ፔንስ ርካሽ ነው ወይ?» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ላይ አነበብኩት። በለንደን ገበያ የተመዘገበ አንድ የቤት ኤጀንሲ አክሲዮኑ ከ120 ፔንስ ወርዶ 18 ፔንስ ገብቷል (መቶ ፔንስ አንድ ፓውንድ ነው)፤ እቁብ ወጥቶልኛል፤ 3,000 ፓውንዱን ላስገባ ወይ? ነው ያልሽው። ከሥሩ አንድ ወንድማችን «የለንደን ቤት መቼም አይረክስም፣ ደላላውም አይወድቅም» ብለዋል። ሌላዋ እህታችን ደግሞ «ከ18 ፔንስ ወዲያ ወዴት ይወርዳል?» ብላለች። እኔም አንድ ሰሞን ሁለቱንም አምኜ ገንዘቤን አስገብቼ ነበር። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ሰሜን ለንደን ውስጥ አንድ የቤት ኤጀንሲ ቢሮ በኪራይ ክፍል አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ ከወጣሁ በኋላ የሌላ ኤጀንሲ አክሲዮን ገዛሁ። ስሙ ይቅር። ሥራውን ከውስጥ ስለማውቀው አልሳሳትም ብዬ ነበር። ሲወርድ ጨመርኩ። እንደገና ሲወርድ እንደገና ጨመርኩ። ካስገባሁት 4,200 ፓውንድ 600 እንኳ ሳይሞላ ይዤ ነው የወጣሁት።

መጀመሪያ የወንድማችንን ሐሳብ ልያዝ። ደላላ የሚኖረው በቤቱ ዋጋ አይደለም፤ በሽያጩ ብዛት ነው። 500,000 ፓውንድ ከሚያወጣ ቤት አንድ በመቶ ቢያገኝ 5,000 ነው። ቤቱ አሥር በመቶ ቢወደድ የሚጨምርለት 500 ብቻ ነው። ሽያጩ ከቀረ ግን ምንም የለም። የቢሮው ኪራይ፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ ቤቶቹ የሚለጠፉባቸው ድረ ገጾች ክፍያ ግን አይቆምም። እንግሊዝ አገር ከፋይናንስ ቀውሱ በፊት በዓመት ወደ 1.6 ሚሊዮን ገደማ ቤት ይሸጥ ነበር። በ2009 ቁጥሩ ወደ 860 ሺህ ወረደ (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ዋጋው የወረደው ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ነው። ሽያጩ ግን በግማሽ ገደማ ነው የቀነሰው። ኤጀንሲዎቹን የጎዳቸው ይኼኛው ነው።

ኪራይ ይሻላል። ሰው ቤት ባይገዛም የሆነ ቦታ መኖሩ አይቀርም። እሱም ቢሆን በሕግ ይነካል። በእኛ ጊዜ ከተከራዩ ለማጣሪያ፣ ለውል፣ ለዕቃ ቆጠራ እያልን እንቀበል ነበር። ሰኔ 1 ቀን 2019 ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ ስንገባ ያ ሁሉ በአዋጅ ቀርቷል። ለተከራዩ ጥሩ ነው፤ እኔም ተከራይ ነኝ። ለድርጅቱ ግን የገቢ ምንጩ በአንድ ቀን ነው የደረቀው።

አሁን ወደ «ወዴት ይወርዳል?» ልምጣ። ይኼን በደንብ አንብቢው።

እኛ አክሲዮን ያወቅነው አገር ቤት ባንኮች ላይ ነው። የአክሲዮን ገበያው ራሱ ሥራ የጀመረው በ2025 ነው። ባንኩ አዲስ አክሲዮን ሲያወጣ «ለነባር ባለአክሲዮኖች ቅድሚያ» ይባላል፤ ሰው ደስ ብሎት ይገዛል። እዚህ የተቸገረ ድርጅት «ነባር ባለአክሲዮኖች፣ አዲስ አክሲዮን በርካሽ ግዙ» ሲል ግን ብዙ ጊዜ አበዳሪ ባንኮቹ ጉሮሮውን ይዘውታል ማለት ነው። ካልጨመርሽ ድርሻሽ ይመነምናል። ከጨመርሽ ደግሞ ገንዘብሽ የሌላ ሰው ዕዳ መክፈያ ይሆናል።

ካንትሪዋይድን እንይ። በአገሪቱ ትልቁ የቤት ኤጀንሲ ነበር። ዛሬ ሁሉም ቤት የሚፈልግበትን ራይትሙቭ የተባለውን ድረ ገጽ በ2000 ካቋቋሙት አራት ድርጅቶች አንዱ እሱ ነው። በ2013 አክሲዮኑን በ350 ፔንስ ገበያ አወጣ። ዕዳ ተሸክሞ ነበር፤ ሽያጩ ቀዘቀዘ፤ ነባር ሠራተኞቹም ወጡ። ነሐሴ 2018 በአንድ አክሲዮን 10 ፔንስ ሒሳብ 140 ሚሊዮን ፓውንድ ከባለአክሲዮኖች ጠየቀ። ያን ቀን ዋጋው ከግማሽ በላይ ተቆረጠ። ቀጥሎ 50 አሮጌ አክሲዮን ወደ 1 አዲስ ተጠቀለለ። በ2021 ኮኔልስ የተባለ ተፎካካሪ በአንድ አክሲዮን 395 ፔንስ ገዛው።

395 ከ350 ይበልጣል ብለሽ እንዳትሸወጂ። ለ50 አካፍይው፤ 7.9 ፔንስ ነው። በ2013 በ3,500 ፓውንድ 1,000 አክሲዮን የገዛ ሰው በመሐል ያገኘውን የትርፍ ክፍፍል ትተን በእጁ የቀረው 79 ፓውንድ ነው። «10 ፔንስማ መሬት ነክቷል» ብሎ በ2018 የገባውም ከስሮ ወጣ። ድርጅቱ አልሞተም። ባለአክሲዮኑ ግን አለቀለት። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸው እኔ ከከሰርኩ በኋላ ነው የገባኝ።

ፐርፕልብሪክስ የተባለ በኢንተርኔት የሚሠራ የቤት ኤጀንሲም አለ። በ2015 መጨረሻ በ100 ፔንስ ገበያ ወጣ፤ በ2017 ከ500 አለፈ፤ አውስትራሊያና አሜሪካ ድረስ ሄዶ ብዙ ገንዘብ አጠፋ። በ2023 ሥራው በሙሉ በ1 ፓውንድ ተሸጠ።

ሁሉም እንዲህ አይሆንም። ፎክስተንስ የተባለው የለንደን ኤጀንሲ በ2013 በ230 ፔንስ ነው ገበያ የወጣው፤ በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ እሱም በ40 ፔንስ 22 ሚሊዮን ፓውንድ ሰብስቧል። ግን የባንክ ዕዳ አልነበረበትም፤ ከገቢው ከግማሽ በላይም ከኪራይ ነው። ቆሞ ቀጠለ።

ስለዚህ 18 ፔንሱን እርሺው። የዓመቱን ሪፖርት ክፈቺና የባንክ ዕዳው ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈልም እዪ። ከገቢው ስንት እጁ የኪራይ እንደሆነ እዪ። ኦዲተሩ ድርጅቱ ሥራውን መቀጠሉ ያጠራጥራል ብሎ ከጻፈ እዚያው ላይ አቁሚ። ከቻልሽ ደግሞ ቅዳሜ ቢሮአቸው ጎራ በይና ሰዎቹ ስንት ጊዜ እንደሠሩ ጠይቂ። እኛ ቢሮ ዋናው መሥሪያ ቤት ኮሚሽን ሲቀንስ ሦስት ነባር ልጆች በአንድ ክረምት ወጡ። ቤት አከራዮቹም ተከትለዋቸው መንገድ ተሻግረው ሌላ ኤጀንሲ ገቡ። ያ በሪፖርት ላይ የሚታየው ከዓመት በኋላ ነው።

ስለ ገንዘቡ የማስበውን በግልጽ ልንገርሽ። ለቤት መግዣ ቅድሚያ ክፍያ እየቆጠብሽ እንደሆነ ባለፈው ጽፈሽ ነበር። ከሆነ አንድ ፓውንድም አታስገቢ። ልብሽ እምቢ ካለ ከ300 አትለፊ፤ ነገ «ጨምሩ» ሲሉ የምትመልሺው እንዲኖርሽ።

ሪፖርቱ ድረ ገጻቸው ላይ አለ። የዕዳውን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። እሁድ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ አብረን እናየዋለን።