የሚሞቀው የስኪ ጃኬት ሊፍት ላይ ሲጠፋ፦ ባትሪው ነው ወይስ ሽቦው?

ከዴንቨር የጻፉልን ጠያቂ ችግራቸው ይህ ነው፦ «በፓወር ባንክ የሚሞቅ የስኪ ጃኬት ገዝቼ ነበር። ካርቶኑ ላይ ‹እስከ 10 ሰዓት› ይላል። ላቭላንድ የሚባለው የስኪ ቦታ ስወጣ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላው ይጠፋል፤ ፓወር ባንኩ ላይ ሁለት መብራት እየታየ። ቤት ስገባ መልሶ ይሠራል። ከታጠበ ወዲህ ደግሞ የግራ ደረቱ አይሞቅም። ይጠገናል ወይስ ልመልሰው? የልብ ምት የሚለካውን ቲሸርትስ ብጨምርበት ይጠቅመኛል?»

የመጥፋቱና የግራ ደረቱ ችግር አይገናኙም። ከመጥፋቱ እንጀምር። ቤት ሲገባ መልሶ መሥራቱ ባትሪው ደህና መሆኑን ያሳያል። የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ የውስጥ ሬዚስታንሱ (ጅረትን የሚገታው ነገር) ይጨምራል። በዚያ ላይ ጃኬቱ 2 አምፔር ሲስብበት የሴሉ ቮልት በአንዴ ይወርድና ወደ 3 ቮልት ሲጠጋ መከላከያ ሰርኪዩቱ ይቆርጠዋል። ኃይሉ ውስጡ አለ፤ ማውጣት ግን አይችልም። የላቭላንድ መነሻው ራሱ 3,290 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ሊፍት (ወደ ተራራው የሚያወጣው ተንጠልጣይ ወንበር) ላይ ተቀምጠው ነፋሱ ሲመታዎት በውጭ ኪስ ያለ ባትሪ ብዙ አይቆይም።

ስለዚህ ፓወር ባንኩን ከውጭ ኪስ አውጥተው ከጃኬቱ ስር በሚለብሱት ፍሊስ (ለስላሳ የሙቀት ሹራብ) ኪስ ይያዙት፤ ገመዱ ካጠረ 50 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ማራዘሚያ ይበቃል። ማታ መኪና ውስጥ አይተዉት። ቀዝቅዞ ከገባም ሳይሞቅ ቻርጅ ላይ አይሰኩት፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ የተደረገ ሴል ውስጥ ሊቲየሙ በብረት መልክ ይጋገራል፤ ያ ጉዳት ደግሞ አይመለስም።

የ«10 ሰዓቱን» ነገር በሒሳብ ያጣሩት። ለምሳሌ ፓወር ባንክ ላይ 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚባለው በሴሉ ቮልት፣ በ3.7 ተሰልቶ ነው፤ 37 ዋት ሰዓት ይሆናል። ወደ 5 ቮልት ሲቀየር ከሚባክነው በኋላ 31 ገደማ ይተርፋል። ጃኬቱ በከፍተኛው ሙቀት 10 ዋት ከሳበ፣ ባትሪው ሙሉ ለሙሉ ሞቆ እያለ እንኳ ሦስት ሰዓት ነው። 10 ሰዓት የሚገኘው በዝቅተኛው ሙቀት ብቻ ነው። ዋት ያልተጻፈበት ጃኬት ባይገዙ እመክራለሁ፤ ሚሊ አምፔር ሰዓት ብቻውን ምንም አይነግርም። በስኪ ሲወርዱ ሰውነትዎ ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ ማሞቂያውን ያጥፉት፤ ሊፍት ላይ ብቻ ያብሩት። የአሜሪካ ቡድን በ2018 ፒዮንግቻንግ የለበሰው የራልፍ ሎረን የሚሞቅ ጃኬትም ለመክፈቻው ሥነ ሥርዓት፣ ማለትም ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው እንጂ ለውድድር አልነበረም።

አሁን ወደ ግራ ደረቱ። ዋስትናው ካላለፈ ምንም ሳይፈቱ ይመልሱት፤ አንዴ ስፌት ከተተረተረ ማንም አይቀበልዎትም። ካለፈ ግን ይጠገናል። ባትሪውን ይንቀሉ፤ በውስጥ ኪሱ በኩል የገበሩን ስፌት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተርትሩ። ከመቆጣጠሪያው ቁልፍ ወደ ሦስቱ ፓዶች (የሚሞቁት ስስ ክፍሎች) የሚሄዱ ገመዶችን ያገኛሉ። ከዋናው ስፒና ላይ መለካት አይጠቅምም፤ መቆጣጠሪያው መሃል ላይ ስላለ የሚያዩት ቁጥር የፓዱ አይደለም። እያንዳንዱን ፓድ ከመቆጣጠሪያው ነጥለው ሬዚስታንሱን በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ይለኩ። መጀመሪያ ሁለቱን የቴስተር ጫፎች አገናኝተው የሚያሳየውን፣ ብዙ ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.5 ኦም፣ ከውጤቱ ይቀንሱ። በ5 ቮልት ሦስቱ ፓዶች በአንድነት 10 ዋት ከሳቡ፣ እያንዳንዱ 7.5 ኦም ገደማ መሆን አለበት። የቀኙ 7.5 ብሎ የግራው ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። ቴስተሩ እንደተያያዘ ገመዱ ፓዱ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ በጣትዎ ቀስ አድርገው ያጣጥፉት፤ ቁጥሩ ብቅ ጥልቅ ካለ ስብራቱ እዚያው ነው። በእጥበት ሲጠመዘዝ ቀድሞ የሚሄደው ይህ መገጣጠሚያ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሶልደር (የቆርቆሮ ብየዳ) ያነሳል። የፓዱ ክር ካርቦን ከሆነ ሶልደር አይዘውም፤ የያዘ ቢመስል እንኳ በሚቀጥለው መታጠፍ ይላቀቃል። የተሰበረውን ጫፍ ቆርጠው፣ ከካርቦኑ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ከአዲስ ለስላሳ ባለ ብዙ ክር ሽቦ ጋር በትንሽ የመዳብ ቱቦ ውስጥ ያስገቡና በፒንሳ አጥብቀው ይጭመቁት። በላዩ በሙቀት የሚሸበሸብ የፕላስቲክ ቱቦ ያልብሱት፤ ናስትሮ ላብና እጥበት አይችልም። ገመዱን ከመገጣጠሚያው 2 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርገው ከገበሩ ጋር በክር ይስፉት፣ መጎተቱ መገጣጠሚያው ላይ እንዳያርፍ። ፓዱ ላይ ቡኒ የሆነ ወይም የተቃጠለ የሚሸት ቦታ ካለ ግን አይጠግኑት፤ ክሩ በከፊል ተበጥሶ ጅረቱ በቀሩት ላይ ተጨናንቋል ማለት ስለሆነ ያንን ፓድ ይጣሉት። መቆጣጠሪያውን አልፎ ፓዱን በቀጥታ ከባትሪ ማገናኘትም ክልክል ነው፤ ሙቀቱን የሚገታ ነገር አይኖርም።

ከዚህ በኋላ ሲያጥቡ የስፒናውን ክዳን ዘግተው በእጅ፣ በለብ ያለ ውኃ፤ ሳይጠመዝዙ ጥላ ላይ ዘርግተው ያድርቁት። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አይግባ።

ቲሸርቱን በተመለከተ፣ ለልብ ምት በብርድ ከእጅ ሰዓት ይሻላል፤ እጅ ሲቀዘቅዝ የቆዳው ደም ሥር ስለሚጠብ የሰዓቱ ብርሃን የሚያነበው ያንሰዋል። የቲሸርቱ የጨርቅ ኤሌክትሮድ (የልብን ምት ከቆዳ የሚያነበው ክፍል) ግን ደረቅ ቆዳ ላይ የማይረባ ቁጥር ይሰጣል። ከመልበስዎ በፊት ኤሌክትሮዱን በውኃ ያርጥቡት፤ ደረት ላይ ልክክ የሚል ልኬት ይምረጡ፤ ሲንቀሳቀሱ ጨርቁ ከተንሸራተተ ንባቡ ይዘላል። ሱቅ ውስጥ ለብሰው እጅዎን ወደ ላይ ሲያነሱ ኤሌክትሮዱ ከቦታው ከሸሸ አንድ ቁጥር ያነሰ ይጠይቁ።