ሞተሩ በተቀየረ አውሮፕላን ልሳፈር?

«በረራችን ሞተር እስኪቀየር ዘገየ፤ በማግሥቱ በዚያው አውሮፕላን ተጠራን። ሽፋኑ ተከፍቶ አየሁ፣ ማራገቢያው ሲዞርም ይንኳኳል። ልፍራ?» ብለው ለጠየቁን፦ ከክንፍ ሥር ብዙ ዓመት የሠራሁ የጥገና ባለሙያ ነኝ፤ እኔ ብሆን ሳላመነታ እሳፈር ነበር።

ሞተር የሚወርደው ሲበላሽ ብቻ አይደለም። በውስጡ የሚሽከረከሩት ዲስኮች ዕድሜያቸው የሚለካው በበረራ ብዛት ነው፤ የተፈቀደላቸው ቁጥር ሲሞላ እንከን ባይገኝባቸውም ይወጣሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቦሮስኮፕ በምንለው ቀጭን ካሜራ የተርባይን ምላጮችን አንድ በአንድ ስናይ ስንጥቅ እናገኛለን። ስንጥቁ በመመሪያው ከተፈቀደው ልክ ካላለፈ ምርመራው እየተደጋገመ ይበራል፤ ካለፈ ሞተሩ ይቀየራል። የሚገባው ሞተር አዲስ ላይሆን ይችላል፤ ከጥገና ማዕከል ተሞክሮ የመጣም ያው ነው።

የሚቆየው ለምንድን ነው? ሞተሩን ከክንፉ የሚያያይዙት ብሎኖች ጥቂት ናቸው። ጊዜ የሚበላው የነዳጁ፣ የሃይድሮሊኩና የአየሩ ቱቦ፣ የኤሌክትሪኩም ሽቦ ነው። ከዚያ ሞተሩ መሬት ላይ ተነሥቶ ይሞከራል፣ ሽፋኑም እንደገና ተከፍቶ ፍሳሽ ይፈለጋል። ያዩት ይህንን ሊሆን ይችላል። መንኳኳቱም አያስደንግጥዎ፤ በብዙ ሞተሮች የማራገቢያው ምላጮች ከሥራቸው ትንሽ ላላ ያሉ ናቸው፣ ሞተሩ ሲፈጥን በሽክርክሪቱ ኃይል ይጠብቃሉ።

እኛን የሚያስፈራን አንዱ ስህተት በሁሉም ሞተሮች ላይ ሲደገም ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ከማያሚ ወደ ናሳው ይበር በነበረ የኢስተርን አየር መንገድ ባለ ሦስት ሞተር ሎክሂድ ኤል-1011 ላይ፣ በዘይት ውስጥ የብረት ብናኝ የሚይዙት መሣሪያዎች ሲገጠሙ ዘይት እንዳይፈስ የሚያሽጉት የጎማ ቀለበቶቻቸው በሦስቱም ሞተሮች ቀርተው ነበር። ዘይቱ ፈሰሰ። አብራሪዎቹ አንዱን ሞተር አጠፉ፣ ሁለቱ በራሳቸው ጠፉ፤ መጀመሪያ ያጠፉትን መልሰው አስነሥተው ማያሚ አረፉ፣ የሞተ ሰውም አልነበረም። ዛሬ ውቅያኖስ በሚያቋርጡ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች ላይ አንድ ባለሙያ ያንኑ ሥራ በሁለቱም ሞተሮች በአንድ ጊዜ እንዳይሠራ የሚደረገው ለእንዲህ ዓይነቱ አደጋ ነው። የእርስዎ አውሮፕላን አንድ ሞተር ተቀየረለት፤ ሌላው እንደነበረ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ «በቴክኒክ ምክንያት» የምትል ማስታወቂያ ናት። ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢነግሯችሁ ግማሹ ፍርሃት በጠፋ ነበር!

ከተነሡ በኋላ የሞተሩ ሽፋን ተከፍቶ ሲርገበገብ ወይም ፈሳሽ ሲረጭ ካዩ ግን ሳያፍሩ ለበረራ አስተናጋጅ ይንገሩ፤ ከአብራሪዎቹ መቀመጫ ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም።