የተክል ድንኳን እርጥበት አልወርድ ሲል፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ውስጥ በድንኳን (መብራትና አየር ማስወጫ ፋን ባለው፣ በሚዘጋ ትንሽ የጨርቅ ክፍል) ተክል ማሳደግ ከጀመርኩ ሰባት ዓመት አልፎኛል። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሰላጣና በሶብላ ነው የማሳድገው። በእነዚህ ዓመታት ከተባይም፣ ከማዳበሪያም፣ ከመብራትም በላይ ያንገላታኝ እርጥበት ነው። ስለ እሱ የሚያስጨንቃችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጡትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ድንኳኔ 1.2 በ1.2 ሜትር ነው፤ ቁመቱ 2 ሜትር። አራት የደረሱ ቲማቲሞች አሉኝ። የእርጥበት መለኪያው ከ80 በመቶ በታች ወርዶ አያውቅም። ይህ ሁሉ እርጥበት ከየት ነው የሚመጣው?

መልስ፦ አንተው ከምታጠጣው ውሃ ነው። ተክል በሥሩ ከሚስበው ውሃ ለራሱ የሚያስቀረው በጣም ጥቂት ነው። ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነውን በቅጠሉ መልሶ ወደ አየር ይለቀዋል። አራቱ ቲማቲሞች በቀን 3 ሊትር ከጠጡ፣ 3 ሊትር ገደማ ውሃ ድንኳኑ ውስጥ ተን ሆኖ ይወጣል።

አሁን ደግሞ የድንኳንህን አየር እንመዝነው። ውስጡ ወደ 2.9 ሜትር ኩብ ነው። ሙቀቱ 26 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ ሲሆን፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚይዘው ውሃ 14.6 ግራም አካባቢ ነው። የድንኳኑ አየር በሙሉ ተደምሮ 42 ግራም ይሆናል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ተክሎቹ በቀን 3 ሊትር ይለቃሉ፤ አየሩ ግን ሦስት ማንኪያ ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ አየሩ በሰዓት ብዙ ጊዜ ካልተቀየረ ቁጥሩ በፍጹም አይወርድም። ይህን ስሌት ከያዝክ የቀረው ሁሉ ይቀልልሃል።

ጥያቄ፦ ቀን 60 በመቶ ነው፣ በጣም ደስ ይላል። መብራቱ ሲጠፋ ግን 90 አልፎ ያድራል። ማታ ውሃ አላጠጣም። ምን እየሆነ ነው?

መልስ፦ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ ይህንኑ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

መለኪያው የሚያሳየው አየሩ ውስጥ ስንት ውሃ እንዳለ አይደለም። አየሩ በዚያ ሙቀት መያዝ ከሚችለው ውስጥ ስንት በመቶውን እንደያዘ ነው። ሞቃት አየር ብዙ ይይዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ትንሽ። ቅድም ያልነውን 14.6 ግራም ውሰጂ። በ26 ዲግሪ ሙቀት 60 በመቶ ነው። መብራቱ ጠፍቶ ድንኳኑ ወደ 18 ዲግሪ ሲወርድ ግን፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢጠግብ ቢጠግብ 15.4 ግራም ነው የሚችለው። ያው 14.6 ግራም አሁን 95 በመቶ ሆነ። አንዲት ጠብታ አልተጨመረም። አየሩ ነው የጠበበው። ከዚያ በላይ ደግሞ አፈሩ ሌሊቱን ሙሉ መትነኑን አያቆምም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ አየር ማስወጫውን ከመብራቱ ታይመር ላይ አውርጂው። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ያያይዛቸዋል። ስለዚህ መብራቱ ሲጠፋ ፋኑም ይጠፋል፤ ያውም በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት። ሁለተኛ፣ የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ከ5 ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ቴርሞስታት (ሙቀቱ ሲበቃ ራሱ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ) ያላት ትንሽ ማሞቂያ ድንኳኑ ያለበት ክፍል ውስጥ አድርጊ። በዚያው ምሳሌ ሌሊቱን ከ18 ወደ 21 ዲግሪ ብቻ ብታሳድጊው፣ 95 የነበረው ወደ 80 ይወርዳል። ፋኑ አብሮ ሲሠራ ደግሞ ከዚያም በታች ይሄዳል።

ሦስተኛው መንገድ ገንዘብ አይጠይቅም። መብራቱን ማታ አብርተሽ ቀን አጥፊው። ክፍሉ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት መብራቱ ያሞቅልሻል። ጨለማው ደግሞ ክፍሉ ሞቅ ባለበት ሰዓት ላይ ይውላል። እኔ በብርድ ወራት ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው።

ጥያቄ፦ ፋኑን በትልቅ ቀየርኩት፤ ምንም ለውጥ የለም። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ፋኑ ደህና ይመስለኛል። ጥያቄው የሚያስገባው አየር ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። ድንኳን የሚተነፍሰው የክፍሉን አየር ነው። የክፍሉ አየር 22 ዲግሪና 50 በመቶ ከሆነ በሜትር ኩብ 9.7 ግራም ውሃ አለው። የድንኳኑ 14.6 ነው። እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ሲወጣ ወደ 5 ግራም ውሃ ይዞልህ ይሄዳል። 3 ሊትሩን ለማውጣት በቀን 600 ሜትር ኩብ ገደማ ይበቃል፤ ይህ ለትንሽ ፋን ቀላል ሥራ ነው። የክፍሉ አየር ራሱ 14 ግራም ከያዘ ግን፣ አንዱ ሜትር ኩብ የሚያወጣልህ 0.6 ግራም ብቻ ነው። ያኔ 5,000 ሜትር ኩብ ያስፈልግሃል። የቱንም ያህል ፋን ብትገዛ ከክፍሉ አየር ያነሰ ውሃ ያለው አየር አያመጣልህም።

ፋኑ አየሩን የሚያወጣበት ቱቦ የት ነው የሚያበቃው? ይህን አይተህ ንገረኝ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ጫፉን እዚያው ክፍል ውስጥ ለቅቄው ነበር። እርጥቡ አየር ከላይ ይወጣል፣ ክፍሉን ይዞራል፣ ከታች ተመልሶ ይገባል። ጠዋት ጠዋት የመስኮቱ መስታወት ውሃ ያወርድ ነበር። አንድ ቀን ድንኳኑን ትንሽ ሳብ ሳደርገው ከጀርባው ያለው ግድግዳ እስከ ጉልበቴ ድረስ በጥቁር ሻጋታ ነጠብጣብ ተሸፍኖ አገኘሁት። ያን ቀን ነው ቱቦውን በመስኮት ያወጣሁት። በሳምንቱ ድንኳኑም ግድግዳውም ደረቁ።

ቱቦው ቀዝቃዛ ቦታ የሚያልፍ ከሆነ ውስጡ ውሃ ያቁራል። ውሃው ወደ ፋኑ እንዳይመለስ ወደ ውጭ ዘንበል አድርገው። መታጠፊያዎቹንም ቀንስ፤ እያንዳንዱ የፋኑን ጉልበት ይበላል። ሁሉም በትክክል ሲሠራ የድንኳኑ ግድግዳ ወደ ውስጥ ትንሽ ሰርጎድ ይላል። ወደ ውጭ ከተነፋ አየሩ በሚገባ እየወጣ አይደለም።

ጥያቄ፦ እርጥበት መምጠጫ ማሽን ልገዛ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ላስቀምጠው ወይስ ውጭ? ስንት ሊትር የሚመጥ ይሻላል?

መልስ፦ ክፍሉ ውስጥ፣ የድንኳኑ አየር ማስገቢያ አጠገብ ያስቀምጡት። ማሽኑ ውሃ ሲሰበስብ ሙቀት ይለቃል። ከሶኬት የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ሙቀት ይሆናል፤ በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሊትር ተን ወደ ውሃ ሲመለስ 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይጨምራል። ድንኳን ውስጥ ከገባ ተክሎቹን ያቃጥልብዎታል፤ ቦታም ይይዛል።

መጠኑን በሚያጠጡት ውሃ ይለኩት። ተጨማሪ ጥንቃቄ፦ ካርቶኑ ላይ «በቀን 10 ሊትር» የሚለው ብዙውን ጊዜ በ30 ዲግሪና በ80 በመቶ እርጥበት የተለካ ነው። በ20 ዲግሪና በ60 በመቶ ግማሹንም ላያወጣ ይችላል። ስለዚህ በቀን 3 ሊትር ካጠጡ ከ8 እስከ 10 ሊትር የሚል ማሽን ይምረጡ። ክፍሉ ከ15 ዲግሪ በታች የሚወርድ ከሆነ ኮምፕሬሰር ያለው (እንደ ፍሪጅ እያቀዘቀዘ ውሃውን የሚሰበስበው) ዓይነት በረዶ ይይዝና ይደክማል። ለእንዲህ ያለ ቦታ እርጥበትን በማድረቂያ ንጥረ ነገር የሚመጠው ዓይነት ይሻላል። እጅ ላይ የሚያዙ ትንንሾቹ ማሽኖች ለቁም ሣጥን ናቸው። ለድንኳን አይመከሩም።

ጥያቄ፦ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡት ማድረቂያ ፍሬዎች በብዛት ቢደረጉስ?

መልስ፦ አንድ ኪሎ ማድረቂያ ፍሬ ቢበዛ የክብደቱን ሲሶ ያህል ውሃ ይይዛል። ተክሎችሽ ያንን ከጠዋት እስከ ቀትር ይጨርሱታል። ለዘር ማስቀመጫ ዕቃ ጥሩ ነው። ለድንኳን ገንዘብሽን አታባክኚ።

ጥያቄ፦ ትክክለኛው ቁጥር ስንት ነው? አንዱ 50 ይላል፣ ሌላው 70።

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ለትንሽ ችግኝ ሥሩ ገና ስለሆነ 70 አካባቢ ይመቸዋል። ቅጠል እያበዛ ለሚያድግ ተክል ከ60 እስከ 70፣ አበባና ፍሬ ላይ ለደረሰ ከ50 እስከ 60 እጠብቃለሁ።

ግን ቁጥሩን ከሙቀቱ ነጥላችሁ አትዩት። ለተክሉ ዋናው ነገር የአየሩ ጥማት ነው፤ አየሩ ከቅጠሉ ውሃ የሚስብበት ኃይል ማለት ነው፣ የሚለካውም በኪሎፓስካል ነው። 65 በመቶ በ20 ዲግሪ ለዘብ ያለ ጥማት ነው፤ 0.8 ኪሎፓስካል ገደማ። ያው 65 በመቶ በ30 ዲግሪ 1.5 ይደርሳል፤ ቅጠሉን አጥብቆ ይስበዋል። ለአብዛኛው ተክል ከ0.8 እስከ 1.2 ያለው መካከለኛ ነው። ስለዚህ ድንኳኑ ሞቅ ካለ 68 በመቶ አያስደንግጣችሁ። ቀዝቀዝ ካለ ግን ያው 68 ሊያስፈራ ይገባል።

ጥያቄ፦ ሁለት መለኪያ አለኝ። አንዱ 62፣ ሌላው 71 ይላል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም ፈትናቸው። በጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርግ። ውሃ ጠብ ጠብ አድርግበትና እንደ እርጥብ አሸዋ ይሁን፤ መሟሟት የለበትም። ክዳኑንና መለኪያዎቹን በደንብ በሚገጠም ዕቃ ውስጥ አብረህ ዝጋ። እስከ ማግስቱ አትክፈተው። እርጥብ ጨው ያለበት የታፈነ አየር 75 በመቶ ላይ ይቆማል። አንዱ 81 ካለ ከዚያ ወዲያ ከንባቡ 6 እየቀነስክ አንብበው። ጨው ራሱ መለኪያዎቹን እንዳይነካ ተጠንቀቅ።

ስትሰቅለውም በቅጠሎቹ ከፍታ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ይሁን። መብራት በቀጥታ ከመታው ይሞቅና ከእውነቱ ያነሰ እርጥበት ያሳይሃል።

ጥያቄ፦ ውስጥ ያለችው ትንሿ ቬንትሌተር እርጥበቱን ካልቀነሰች ምን ትሠራለች?

መልስ፦ ቅጠሉ ላይ ተለጥፎ የሚቀረውን እርጥብ አየር ታነሳዋለች። መለኪያው 60 እያለ ጥቅጥቅ ባለው ቅጠል መሃል 85 ሊሆን ይችላል። ቅጠሎቹ ቀስ ብለው እንዲወዛወዙ ብቻ አድርጊያት፤ አታጥፊያት።

ጥያቄ፦ መብራቴን ወደ ኤልኢዲ ከቀየርኩ ወዲህ ነው ችግሩ የመጣው። ግንኙነት አለው?

መልስ፦ አለው። የድሮው መብራት ድንኳኑንም ያሞቅልህ ነበር። ኤልኢዲ ለዚያው ብርሃን ያነሰ ሙቀት ነው የሚሰጠው። አየሩ ሲቀዘቅዝ በመቶኛው ይወጣል። ሌላ ምንም ነገር አልተበላሸም፤ የጎደለውን ሙቀት ተካው።

ጥያቄ፦ ጠዋት ላይ በቅጠሎቹ ጠርዝ ዙሪያ የውሃ ጠብታ ተደርድሮ አያለሁ። ጣሪያው ነው የሚያንጠባጥበው?

መልስ፦ ጠብታው ጠርዙን ተከትሎ እንደ ዶቃ ከተሰካካ ከራሱ ከተክሉ የወጣ ነው። አፈሩ እርጥብ ሆኖ አየሩ ሲጠግብ ውሃው በቅጠሉ ሊተን አይችልም። ሥሩ ግን መግፋቱን ስለማያቆም በጠርዙ ይወጣል። አልፎ አልፎ ቢሆን አያሳስብም። በየቀኑ ከሆነ ሌሊቱ በጣም እርጥብ ነው ማለት ነው። ውሃ የማጠጫ ሰዓትህን መብራቱ እንደበራ አድርገው። ከሥር ሳህን ላይ የተጠራቀመውንም ድፋው። የአፈሩን ገጽ በጭድ ወይም በፕላስቲክ ሸፍነው። እነዚህ ሦስቱ ብቻ የእኔን የሌሊት ንባብ በሚታይ መጠን አውርደውታል።

ጥያቄ፦ የቲማቲም አበባዬ በደንብ ይወጣል፤ ግን ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል።

መልስ፦ እርጥበቱ ከ80 ሲያልፍ የአበባው ዱቄት ይያያዝና አይበንም። ቁጥሩን ወደ 65 አውርጂ። ቀትር አካባቢ የአበባውን ዘለላ በጣትሽ መታ መታ አድርጊው። ዱቄቱ ከደረቀ ቢጫ ብናኝ ሲበን በዓይንሽ ታዪዋለሽ።

ጥያቄ፦ አሁን በዚህ ሰዓት የቃሪያዬ ግንድ ላይ፣ ቅጠል የቆረጥኩበት ቦታ፣ ግራጫ ጸጉር የመሰለ ነገር አየሁ። ሌላ ቅጠል ላይ ደግሞ ነጭ ዱቄት አለ። አንድ ናቸው? ምን ላድርግ?

መልስ፦ አንድ አይደሉም። ነጩ ዱቄት ቅጠሉ ደረቅ ቢሆንም ይበቅላል። ስለዚህ እርጥበት መቀነስ ብቻውን አያጠፋውም። የያዘውን ቅጠል አውጪው፤ የተጨናነቁትንም ቅጠሎች ቀንሺያቸው።

የሚያጣድፈው ግራጫው ነው። እሱ የሚወደው ለሰዓታት የረጠበ ቦታና የሞተ ቅሪት ነው። የወደቀ አበባ፣ የተቀደደ ቅጠል፣ አንቺ ያስቀረሽው ጉቶ፣ ሁሉም በር ይሆነዋል። አሁኑኑ ፋኖቹን በሙሉ አጥፊ፤ ካላጠፋሽ ብናኙ ወደ ሌሎቹ ተክሎች ይበተናል። የታመመውን ክፍል ሳትነኪ በፕላስቲክ ከረጢት አልብሺው። ከበሽታው በታች ጤነኛው አረንጓዴ ላይ በሹል መቀስ ቁረጪ። ከረጢቱን እዚያው ቋጥረሽ ከቤት አውጪው። መቀሱን በአልኮል ጥረጊ። ከዚያ ፋኖቹን መልሰሽ አብሪ፤ ዛሬ ማታም እንዳይጠፉ። ነገ መብራቱ እንደበራ መጀመሪያ የቆረጥሽውን ቦታ እይው። ደርቆ ቡናማ ከሆነ ተርፏል። ከረጠበና ከለሰለሰ ትንሽ ወረድ ብለሽ ድገሚው።