መጤ ተምች መቼ ይደርስብኛል ላልከው፦ 30 ቀን አትቁጠር

ወንድሜ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። በቆሎህ ገና ከጉልበት በታች ነው፤ ወጥመድህ በአንድ ሳምንት 9 የእሳት ራት ይዟል፤ ስልክህ ላይ ያለው የስጋት ካርታ አካባቢውን «ዝቅተኛ» ይለዋል። በራሪ ወረቀቱ የመጤ ተምች (ትሉ በቆሎ የሚበላ፣ ሲያድግ የእሳት ራት የሚሆን ተባይ) የሕይወት ዑደት 30 ቀን ነው ስላለ በ30ኛው ቀን ልርጭ ወይ ነው ያልከው። አትርጭ። ብዙ ሰው የከሰረው እዚህችው ቁጥር ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

1ኛ. ካርታውን ለዚህ ጉዳይ ተወው። እንዲህ ያለ ካርታ የሚሠራው ከብዙ ዓመት የአየር ጠባይ ነው። ተባዩ እዚህ መኖር ይችል እንደሆነ ይነግርሃል እንጂ በዚህ ሳምንት ማሳህ ላይ ምን እንዳለ አያውቅም። መጤ ተምች በ2016 እ.ኤ.አ. ምዕራብ አፍሪካ ታየ፤ በ2017 መጀመሪያ ሸካ ዞን የኪ ወረዳ ገብቶ ነበር። የእሳት ራቱ በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ይችላል። ክፉ ወቅት ሲመጣ ተኝቶ የሚያሳልፍ ዓይነትም አይደለም፤ በበጋ የቦኔ በቆሎ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ካገኘ እዚያው እየተራባ ይከርማል። ስለዚህ መምጣቱን ሳይሆን ትሉ የሚፈለፈልበትን ቀን ነው መተንበይ ያለብህ።

2ኛ. የሙቀት ሂሳብ። 30 ቀን የሚለው 28 ዲግሪ ገደማ ለሆነ አገር ነው። ተባዩ የሚያድገው በተጠራቀመ ሙቀት ነው፤ ከ12.6 ዲግሪ በታች እድገቱ ይቆማል፤ ከዕንቁላል እስከ የእሳት ራት ለመድረስ 391 ዲግሪ-ቀን ይፈልጋል፤ ይህ የየቀኑ አማካይ ከ12.6 የሚበልጥበት ዲግሪ ሲደመር ነው። ጅማ ዙሪያ የቀኑ አማካይ 20 ዲግሪ ቢሆን በቀን 7.4 ታገኛለህ፤ 391ን ለ7.4 ስታካፍል 53 ቀን ይመጣል። ወደ ጊቤ ሸለቆ ወርደህ አማካዩ 25 ከሆነ ግን 32 ቀን አይሞላም። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ ዴዶ ደጋ ላይ ያለ ሰው የአንተን ቁጥር መውሰድ የለበትም። ማሳህ ከጅማ ከተማ ከፍታ ብዙ እንደማይርቅ ገምቼ ነው የምቀጥለው።

በ20 ዲግሪ ወጥመዱ መጀመሪያ ከያዘበት ቀን ስትቆጥር እንዲህ ይሆናል። ሴቷ ዕንቁላል ለመጣል 4 ቀን ገደማ ትፈልጋለች። ዕንቁላሉ በ5 ቀን ይፈለፈላል፤ ይህ 9ኛው ቀን ነው። ትሉ 26 ቀን ይበላል፤ ከዚያ አፈር ውስጥ ገብቶ 22 ቀን ሙሽሬ (ወደ የእሳት ራት የሚለወጥበት ደረጃ) ሆኖ ይቆያል። እንግዲህ 30ኛው ቀን የት እንደሚወድቅ ተመልከት፦ ትሉ ወፍሯል፣ የበቆሎው ልብ ውስጥ ገብቶ በራሱ ኩስ በሩን ደፍኗል፣ መድኃኒት አይደርስበትም። አንድ ሳምንት ቢዘገይ ደግሞ አብዛኛው አፈር ውስጥ ስለሆነ ቅጠሉን ብቻ ነው የምታጥበው። ሁለት ዙር መድኃኒት በከንቱ ይሄድና በ57ኛው ቀን ገደማ አዲሱ የእሳት ራት ሲወጣ እጅ ባዶ ይሆናል። ያንተ ጊዜ ከ9ኛው ቀን ጀምሮ ያሉት 10 ቀናት ናቸው፤ ትሉ ትንሽና ቅጠሉ ላይ የተጋለጠ ነው።

ሌሊቱ ከ12.6 በታች ከወረደ ዝቅተኛውን 12.6 አድርገህ አስላው። ከፍተኛው 28፣ ዝቅተኛው 10 ቢሆን ደረቁ አማካይ 6.4 ብቻ ይሰጥሃል፤ ሲታረም 7.7 ነው። በአንድ ወር ውስጥ ልዩነቱ ወደ 39 ዲግሪ-ቀን ይደርሳል፤ ዕንቁላል ለመፈልፈል ከሚፈልገው በላይ ማለት ነው። ቴርሞሜትሩን ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት ሜትር ተኩል ከፍ አድርገህ ስቀለው። ቆርቆሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር የሚለካው የቆርቆሮውን ሙቀት ነው።

3ኛ ልል የነበረው ስለ ወጥመዱ ነው፤ እሱም ከቆጠራው አይለይም። 9ኙ ሁሉ መጤ ተምች መሆናቸውን አረጋግጠሃል? ማማለያው (ወጥመዱ ውስጥ ያለው፣ ወንዱን በጠረን የሚስበው) ሌላ ዘመዱንም ይጠራል፤ ገለባ የመሰለ ክንፍ ካየህ አትቁጠረው። የኛው ወንድ ግራጫ ቡኒ ሆኖ የፊት ክንፉ ጫፍ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ማማለያውን በባዶ እጅ አትንካ፤ በየ4 እስከ 6 ሳምንት ቀይረው፤ ያረጀ ማማለያ ዜሮ ያሳይህና «የለም» ብለህ ትተኛለህ። ወጥመዱን ከበቆሎው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው፤ ተክሉ ሲያድግ አብሮ ይውጣ። የሚይዘው ወንዱን ብቻ ስለሆነ የተያዘው ብዛት ቀን ለመቁጠር እንጂ ለመርጨት ፈቃድ አይሆንም።

ለመርጨት የሚያስወስንህ ማሳው ነው። ከ9ኛው ቀን ጀምረህ 5 ቦታ ላይ 10 10 ተክል እያየህ 50 ቁጠር። በቆሎው እንዳንተ ገና ትንሽ ከሆነ ከ50ው 10 ላይ አዲስ ጉዳት ስታይ እርምጃ ውሰድ፤ ትልቅ ሆኖ ወንዴው አበባ ሳይወጣ ከሆነ 20 ድረስ ጠብቅ። የትሉ ግንባር ላይ ነጣ ያለ የ«ሰ» ፊደል፣ ጅራቱ አጠገብ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ 4 ነጥቦች ታያለህ። ስትረጭ ወደ ማምሻው፣ የመርጫውን አፍንጫ ወደ በቆሎው ልብ አድርገህ ይሁን። ከባድ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ብዙውን ጥቃቅን ትል ስለሚገድለው ሳትረጭ እንደገና ቁጠር።

ግብርና ቢሮ ሄጄ ላረጋግጥ ያልከው ላይ አንድ ነገር ልበል። ትል በላስቲክ ቋጥሮ ለሄደ ገበሬ «ማመልከቻ ጽፈህ ሰኞ ና» የሚል ቢሮ አለ። ያናድዳል፤ ከ10 ቀን ውስጥ 4ቱን ለወረቀት መስጠት ማለት ነው። ልማት ሠራተኛህን ጥራው፣ ግን ቆጠራህን አታቁም።

ወጥመዱ የመጀመሪያውን የያዘበትን ቀንና የሦስት ቀን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት እዚሁ ጻፍልኝ፤ 9ኛው ቀን በእውነት የት እንደሚውል አብረን እናሰላዋለን።