ክብ ፍሎረሰንት ለካሜራ

ጥያቄ፦ ለጣሪያ የሚሠራውን ክብ ፍሎረሰንት በካሜራዬ ሌንስ ዙሪያ አድርጌ ፎቶ ለማንሣትና ቪዲዮ ለመቅረጽ አስቤአለሁ፤ ያዋጣኛል?

መልስ፦ ለፊት ምስል በእርግጥ ያዋጣዎታል፤ ብርሃኑ ከሌንሱ ዙሪያ እኩል ስለሚመጣ የአፍንጫና የአገጭ ጥላ ይለዝባል፣ በዓይን ብሌን ላይም ውብ የብርሃን ቀለበት ይታያል። ቪዲዮ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር በ50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዙር) ስለሚሠራ፣ አሮጌው ባለ መግነጢስ ባላስት (ወደ አምፖሉ የሚገባውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ዕቃ) መብራቱን በየዙሩ ሁለት ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ጊዜ ያርገበግበዋል፤ ይህም በምስሉ ላይ የሚንቀሳቀስ ጥቁር መስመር እንዳያስከትል የሹተሩን (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚያስገባውን መክፈቻ) ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ያድርጉ። እኔ የምመክርዎ ግን መርገብገቡ በካሜራ እንዳይታይ ከ20,000 ኸርዝ በላይ የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ባላስት እንዲገዙ ነው። ርካሽ አምፖሎች የቆዳን ቀለም ወደ አረንጓዴ ስለሚወስዱት፣ ሲአርአይ የሚባለው፣ ቀለም በመብራቱ ሥር ምን ያህል በትክክል እንደሚታይ የሚያሳየው ልክ ከ90 የማያንሰውን ይምረጡ፤ ኋይት ባላንሱንም (ካሜራው ነጩን ነጭ አድርጎ እንዲያሳይ የሚያደርገውን ማስተካከያ) በነጭ ወረቀት ያስተካክሉ። አምፖሉ ሜርኩሪ ስላለበት፣ ቢሰበር ክፍሉን ያናፍሱ፤ ስብርባሪውንም በባዶ እጅ አይንኩ።