ተመዝግበው የማይመለሱ ደንበኞች

ጥያቄ፦ ከባልንጀራዬ ጋር ለአነስተኛ ነጋዴዎች የዕቃ ክምችትና የዱቤ ሂሳብ የሚመዘግብ የስልክ መተግበሪያ ሠርተን ለገበያ ካቀረብን ስምንት ወር ሆኖናል። እስካሁን 3,000 ያህል ነጋዴዎች ቢመዘገቡም በዚህ ወር የተጠቀሙበት ከ200 አይበልጡም። በእጃችን ያለው ገንዘብ የሰባት ወር ወጪ ይሸፍናል። ባልንጀራዬ የገንዘቡን ሲሶ ለማስታወቂያ አውለን የተመዝጋቢውን ቁጥር ካሳደግን ባለሀብት ማግኘት አይቸግረንም ይላል፤ እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ድርሻችንንም በተመለከተ እኩል ለእኩል እንደምንካፈል በቃል ከመስማማት በቀር የጻፍነው ነገር የለም። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሥጋትዎ ተገቢ ነው። ከመቶ ተመዝጋቢ ዘጠና ሦስቱ ያህል መተግበሪያውን ሞክረው ትተውታል። ማስታወቂያው ሌላ 3,000 ሰው ቢያመጣ እንኳ በዚሁ ስሌት የሚቀሩላችሁ 200 ገደማ ሲሆኑ፣ ለእነርሱ ስትሉ ኩባንያው ሊቆይበት ከሚችለው ጊዜ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ያህሉን ትከፍላላችሁ። ልምድ ያለው ባለሀብትም የሚጠይቃችሁ በአንድ ወር ከተመዘገቡት መካከል ከሦስትና ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ እንደሚጠቀሙ ነውና፣ ያበጠው ቁጥር የመጀመሪያውን ስብሰባ አያልፍም።

እኛ ትልቅ ሀብት ብለን የምናየው እነዚያን የቀሩትን 200 ሰዎች ነው። ሁለታችሁም ሥራ ሳትከፋፈሉ ቢያንስ ሠላሳዎቹን በአካል አግኙ፤ ከተዉትም ሃያ ያህሉን አነጋግሩ። «መተግበሪያችንን ወደዱት?» ወይም «ይህን ብንጨምር ይጠቀሙበታል?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ፤ ሰው ፊት ለፊት የቀረበውን ላለማሳዘን «አዎ» ይላልና። ለመጨረሻ ጊዜ የከፈቱት መቼ እንደ ነበረና ምን ሊሠሩ እንደ ሆነ፣ ትናንት የሰጡትን ዱቤ የት እንደ ጻፉት፣ መተግበሪያው ነገ ቢጠፋ በምን እንደሚተኩት ጠይቁ። ከዚያም ሲጠቀሙበት አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ተመልከቱ፤ ሲቸገሩ አለመርዳት ከባድ ቢሆንም የምትማሩት ግን ከዚያ ችግር ነው። ምናልባት አብዛኞቹ የሚፈልጉት የዱቤ መዝገቡን ብቻ ሆኖ ታገኙት ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነ ብዙ የደከማችሁበትን የክምችት ክፍል ለጊዜው ለመተው ድፍረት ያስፈልጋችኋል።

ሰዎች ቤታቸውን በኢንተርኔት ለእንግዶች የሚያከራዩበት የኤርቢኤንቢ ኩባንያ መሥራቾች እ.ኤ.አ. በ2009 ገቢያቸው አላድግ ባለ ጊዜ ኒውዮርክ ድረስ ሄደው ቤታቸውን የሚያከራዩ ደንበኞቻቸውን አነጋገሩ። የቤቶቹ ፎቶግራፎች ደካማ መሆናቸውን ስለ ተረዱ፣ ራሳቸው ካሜራ ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ እንደገና አነሷቸው፤ ሳምንታዊ ገቢያቸውም ብዙም ሳይቆይ በእጥፍ አደገ። ለሚሊዮኖች ሊሠራ የማይችል አድካሚ መንገድ ቢሆንም፣ ገዢውን ምን እንደሚያግደው በዓይናቸው ያዩት በዚህ ነው።

ለ200ዎቹ መጠነኛ የወር ክፍያም ጠይቋቸው። ከእነርሱ ሠላሳው እንኳ ቢከፍሉ፣ ይህ በነፃ ከተመዘገበ ሺህ ሰው የበለጠ ማስረጃ ነው።

ለዚህ ሁሉ ከስምንት ሳምንት በላይ አትስጡ። ከባለሀብት ጋር የሚደረግ ድርድር ብዙውን ጊዜ ወራትን ስለሚወስድ፣ ገንዘቡ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው የሚጀምር ሰው የቀረበለትን ውል ሁሉ ለመቀበል ይገደዳል። ካዝናችሁ ውስጥ ያለውን ከወርሃዊ ወጪ ላይ ገቢው ተቀንሶ ለሚቀረው አካፍሉና የቀራችሁን ጊዜ በየወሩ መጀመሪያ አስሉት፤ ዛሬ መቀነስ የሚቻል ወጪ ካለም ዛሬውኑ ቀንሱት።

የድርሻውን ጉዳይ ግን ከስምንቱ ሳምንታት በፊት ጨርሱት። እኩል መካፈሉ ክፋት የለውም፤ አደጋው ያለው ድርሻው ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን የተሰጠ ከሆነ ነው። የተለመደው አሠራር መሥራቾች ድርሻቸውን በአራት ዓመት ውስጥ በየወሩ እያገኙ እንዲሄዱ፣ አንድ ዓመት ሳይሞላው የሄደ ደግሞ ምንም እንዳይወስድ መስማማት ነው። በዚህ ስሌት ግማሽ ድርሻ ያለው መሥራች በአሥራ ስምንተኛው ወር ቢወጣ ከኩባንያው 18.75 በመቶ ይዞ ይሄዳል፤ የቀረው ሥራውን ለሚቀጥሉት ይሆናል። ጊዜው መቆጠር የሚጀምረው ሥራውን ከጀመራችሁበት ቀን ወይም ከውሉ ቀን መሆኑን፣ ሁለታችሁ የጻፋችሁት የፕሮግራም ኮድም የኩባንያው ንብረት መሆኑን በዚያው ውል አስፍሩና በሕግ ባለሙያ አስመርምራችሁ ፈርሙ።