ከጎናችሁ ፎቅ ሊሠራ ነው? ስለ ካውንስል ፕላኒንግ ጥያቄና መልስ

እንግሊዝ ያላችሁ ወገኖች፣ ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ፕላኒንግ ክፍል፣ ማለትም የግንባታ ፈቃድ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድማችን። ከቤታችን ጀርባ ትልቅ አፓርታማ ሊሠሩ መሆኑን ያወቅነው መብራት ምሰሶ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው። ለየቤቱ ደብዳቤ መላክ የለባቸውም?

መልስ፦ ሰላም እህቴ። ማስታወቂያ ከለጠፉ ደብዳቤው ግዴታ አይደለም። መጀመሪያ የማመልከቻውን ቁጥር ፎቶ አንሺው። በዚያ ቁጥር ንድፉን በሙሉ ከካውንስሉ ድረ ገጽ ታገኛለሽ። ለአስተያየት ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው 21 ቀን ነው። ቢያልፍም ውሳኔ እስካልተሰጠ ድረስ ላኪ።

ጥያቄ፦ ሰፈሩ በሙሉ ፔቲሽን ፈርሟል። አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ካውንስሉ የሚመዝነው የተቃዋሚውን ብዛት ሳይሆን ምክንያቱን ነው። «የቤቴ ዋጋ ይወርዳል»፣ «የማየው ነገር ይጋረድብኛል» ማለት ዋጋ የለውም። የቤት ውስጥ ብርሃን መቀነስ፣ ወደ መኝታ ቤት የሚያሳይ መስኮት፣ የመንገድ መጨናነቅ፣ ጎርፍ ግን ይታያሉ። ከሁሉም የሚጠነክረው ዕቅዱ ከካውንስሉ የራሱ የልማት ፕላን ጋር የሚጋጭበትን አንቀጽ ጠቅሶ መጻፍ ነው። ሁሉም በራሱ ቃል ይጻፍ።

ጥያቄ፦ ስሜ ይወጣል?

መልስ፦ አዎ፣ ብዙ ጊዜ ስምና አድራሻ ይታያል። ስልክና ኢሜይል ይደበቃል።

ጥያቄ፦ ካውንስሉ ወራት ዝም ብሏል። ጥሩ ምልክት ነው አይደል?

መልስ፦ በፍጹም! 10 ቤትና ከዚያ በላይ ያለው ማመልከቻ በ13 ሳምንት ውስጥ መወሰን አለበት። ቀኑ ካለፈና ማራዘሚያ ካልተስማሙ ገንቢው በቀጥታ ይግባኝ ማለት ይችላል። ያኔ ውሳኔው ከካውንስሉ እጅ ይወጣል።

ምሥራቅ ለንደን፣ ታወር ሃምሌትስ የሆነው ይኸው ነው። በዌስትፌሪ ማተሚያ ቤት ቦታ ላይ 1,524 ቤት ለመሥራት ተጠየቀ። ካውንስሉ በጊዜው ስላልወሰነ ገንቢው ይግባኝ አለ። ይግባኙን ያየው የመንግሥት ኢንስፔክተር ይከልከል ብሎ ነበር። የያኔው የቤቶች ሚኒስትር ሮበርት ጄንሪክ ግን ጥር 2020 (በፈረንጆቹ) ፈቀደ። ካውንስሉ በገንቢዎች ላይ የጣለው አዲስ ክፍያ ሊጀምር አንድ ቀን ሲቀረው ነው የፈቀደው። ገንቢው በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ ይተርፍለት ነበር። ካውንስሉ ከሰሰ። ሚኒስትሩም ውሳኔው ያዳላ ስለሚመስል ሕገወጥ መሆኑን አመነ። ተሻረ፣ በ2021 ደግሞ ዕቅዱ ውድቅ ሆነ። ነዋሪው ግን እስከዚያ ድረስ በጭንቀት ከረመ።

ጥያቄ፦ ካውንስሉ ከፈቀደ እኛ ይግባኝ ማለት እንችላለን?

መልስ፦ አትችሉም። የተከለከለ ገንቢ በጥቅሉ 6 ወር የይግባኝ ጊዜ አለው፣ ጎረቤት ምንም የለውም። ይህ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል፣ ፍትሕም አይመስለኝም። የሚቀራችሁ በ6 ሳምንት ውስጥ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መሄድ ነው። እሱም የሚያየው ካውንስሉ ሕጉን መከተል አለመከተሉን እንጂ ሕንፃው ጥሩ መሆን አለመሆኑን አይደለም። ወጪውም ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የካውንስል ቤት ወረፋ ላይ ነኝ፣ ልጆቼ አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀዋል። ለምን ቤት እንዳይሠራ ትመክራለህ?

መልስ፦ እሱስ እውነትሽን ነው። ድጋፍም እኮ መጻፍ ይቻላል። ግን «አፎርደብል» (አቅምን ያገናዘበ ቤት) ሲሉ ስንቱ በሶሻል ሬንት፣ ማለትም እንደ ካውንስል ቤት ባለ ዝቅተኛ ኪራይ እንደሚከራይ ጠይቂ። «አፎርደብል ሬንት» የሚሉት እስከ ገበያው ኪራይ 80 ከመቶ ሊደርስ ይችላል። ለንደን ውስጥ ያ ለብዙ ቤተሰብ አይቀመስም። ገንቢው «አያዋጣኝም» ካለ የሂሳብ ሰነዱን አንብቢ። የገባው ቃል ከካውንስሉ ጋር በሚፈራረመው ሴክሽን 106 በሚባለው ውል ውስጥ ካልሰፈረ አያስገድደውም። ማመልከቻውን በሚወስነው የካውንስሉ ኮሚቴ ስብሰባ ለመናገር ደግሞ ቀድመሽ ተመዝገቢ፣ የሚሰጥሽ ጥቂት ደቂቃ ነውና ንግግርሽን ከዚሁ ከኪራዩ ጥያቄ ጀምሪ።